ስለ ጀልባ መስታወት ፊልም አለጣጠፍ

ለመስታወት ሥራ ሠልጣኞችና ለካምፑ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት በር ላይ የቀረበልንን ጥያቄ እንመልስ። «ታራች ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ሆኖ በሚከርምበት በካኩማ ስለ ጀልባ መስታወት ምን ያስወራችኋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ የመኪናና የሱቅ መስታወት ላይ የፀሐይ መከላከያ ፊልም መለጠፍ የተማሩ ልጆች ፈቃድ አግኝተው ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ኪሊፊ ወይም ወደ ማሊንዲ ሲወርዱ ከሚገጥማቸው ሥራ አንዱ ይኸው ነው። ቱሪስት ከሚያዞሩትና እንግዳ ይዘው ዓሣ ለማጥመድ ከሚወጡት ጀልባዎች ብዙዎቹ ባለመስታወት ክፍል አላቸው፤ ክፍሉም ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ባለቤቱ ፉንዲ ይፈልጋል። የእኛ ልጅ ደግሞ «መስታወት ያው መስታወት ነው» ብሎ ይገባበታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሱቅ መስታወት ላይ የተበላሸ ፊልም ገንዘብ ያባክናል፤ ጀልባ ላይ ያለቦታው የተለጠፈ ፊልም ግን ሰው ሊያስጨርስ ይችላል።

ከመካከላችሁ ባሮ ዳር ያደጋችሁ የጋምቤላ ልጆች፣ ጣና ላይ በታንኳም በሞተር ጀልባም የተሻገራችሁ የባሕር ዳርና የጎርጎራ ሰዎች ውሃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ወደ የመን በሌሊት ተሻግሮ ያየም በዚህ አዳራሽ አይጠፋም። በጨለማ ውሃ ላይ ማየትና አለማየት ምን ማለት እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች እኛ አናስረዳቸውም።

እንግዲህ ከዕቃው እንነሳ። አንዱ ፊልም፣ አንዱ ቲንት፣ ሌላው ስቲከር የሚለው ይህ ነገር ስስ የፖሊስተር ፕላስቲክ ነው። ተራው የፀሐይ ፊልም ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ቢሆን ነው። በአንድ ፊቱ ማጣበቂያ አለው፤ ማጣበቂያውን የሸፈነው ሌላ ስስ ላስቲክ በሥራ ጊዜ ተልጦ ይጣላል። ወደ ሰው በሚዞረው ፊቱ ላይ ጭረት የሚከላከል ቅብ አለ። ሙቀቱን የሚይዘው በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ቀለም ወይም ስስ የብረት ብናኝ ወይም ሴራሚክ ነው። ቀለም ብቻ ያለው ርካሽ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉት ወደ ሐምራዊነት ይቀየራል። ብረት ያለበት ሙቀቱን አንጸባርቆ ይመልሳል፤ ነገር ግን በነጂው ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን የጂፒኤስ መሣሪያና የስልክ ሞገድ ሊያዳክም ይችላል። ሴራሚኩ ይህ ችግር የለበትም፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ስለዚህ ብረት ያለበትን ፊልም ከማዘዛችሁ በፊት የጂፒኤሱ አንቴና ከክፍሉ ውጭ ይሁን ውስጥ ባለቤቱን ጠይቁ።

ቆዳን የሚያቃጥለውና የወንበር ጨርቅ የሚያነጣው አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር ነው። ደህና ፊልም፣ ጠቆረም አልጠቆረም፣ ይህን ጨረር ከመቶ 99 እጁን ያህል ያስቀረዋል። ጥቁረት የጥራት ምልክት አይደለም። ይህን ደንበኛው ላያምናችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን እመኑት፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ የምንነግራችሁ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በጥቅሉ ላይ 70፣ 50፣ 35፣ 20፣ 5 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ፊልሙ ከመቶ ስንት እጅ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ነው። ስለዚህ 5 የሚለው ከሁሉም የጠቆረው ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ገልብጦ ይረዳዋል። ደግሞም መስታወቱ ራሱ፣ ምንም ሳይለጠፍበት፣ ያገኘውን ብርሃን ሁሉ አያሳልፍም። ንጹሕ መስታወት ከመቶ 88 ያህል ያሳልፋል እንበል። በላዩ ላይ የ50 ፊልም ብትለጥፉ የሚያልፈው 50 ሳይሆን 44 ነው። ከፋብሪካው ጀምሮ ቀለም ያለው መስታወት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። አስቀድማችሁ አባዙ።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንምጣ። የመኪና መስኮት መስታወት ነው፤ የጀልባ መስኮት ግን ብዙ ጊዜ መስታወት አይደለም። ክብደት ለመቀነስና ማዕበል ሲመታው እንዳይፈረካከስ ተብሎ ከአክሪሊክ ወይም ከፖሊካርቦኔት፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ መስኮት በብዛት ይገኛል። ከሩቅ ሲያዩት አይለይም። ተራ ፊልም በእነዚህ ላይ ሲለጠፍ የመጀመሪያው ቀን ያምራል፤ ባለቤቱ ይከፍላል፤ እጅ ይጨባበጣሉ። ፀሐይ ሲመታው ግን ከፕላስቲኩ ውስጥ ጋዝና እርጥበት ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣም ፊልሙን እየነፋ እንደ እንጀራ ዓይን ያበጣዋል። በጎማ መጥረጊያ ብትገፉት ተመልሶ ይመጣል። ይህ የሠራተኛው እጅ ጥፋት አይደለም፤ የዕቃው ጠባይ ነው። ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ ፊልም የሚያወጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ ነገር ግን ከጥቅሉ ጋር የመጣው ወረቀት ለዚያ ዓይነት ፕላስቲክ እንደሚሆን በግልጽ ካልጻፈ አትለጥፉ።

እንዴት ይለያል? ጠርዙ የሚታይ ከሆነ ጠርዙን እዩ። በሳንቲም ቀስ ብላችሁ አንኳኩት፤ መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ፕላስቲክ የታፈነ። በጥላ ውስጥ በእጅ ጀርባ ንኩት፤ መስታወት ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ለብ ይላል። አሮጌ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። ማዕዘኑ ላይ የታተመ ጽሑፍ ካለ አንብቡት፤ ቴምፐርድ የሚባለው፣ በሙቀት የጠነከረው መስታወት፣ ብዙውን ጊዜ ማኅተም አለው። አራቱንም ምርመራ ካላደረጋችሁ ዋጋ አትንገሩ። ፕላስቲክ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ደግሞ ምላጭ አታስነኩት፤ በአልኮል፣ በቲነር ወይም በአሴቶን አታጽዱት፤ ይሰነጣጠቃል፣ መልሶም አይድንም። በአንዳንድ ጀልባ ላይ እንደ መጋረጃ ተጠቅልሎ የሚወጣ ለስላሳ ላስቲክ መስኮትም አለ፤ እሱ ጨርሶ ፊልም አይቀበልም። ለዚያ የሚሻለው ከውጭ የሚታሰር የሸራ ሽፋን ነው፤ ልብስ ሰፊ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ሥራውን ለእሱ ስጡት።

ንጹሕ መስታወት ሆኖም ጣጣ አለው። በሙቀት ያልጠነከረ ተራ መስታወት ላይ በጣም ጥቁር ፊልም ከተለጠፈ መሐሉ ፀሐይ ጠጥቶ ይግላል፤ በፍሬሙ ውስጥ የተሸሸገው ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ልዩነት መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥቀዋል። ጠርዙ ላይ ቀድሞ ትንሽ ጉዳት ካለበት ደግሞ ይብሳል። ድርብ መስታወትና ላሚኔትድ የሚባለው በመሐሉ ላስቲክ ያለው መስታወትም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ ሁሉ የፋብሪካውን ሠንጠረዥ ሳያዩ መለጠፍ አይገባም።

ቀጥሎ ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 4 ዲግሪ ያህል ላይ ነች፤ ካኩማም በስተ ሰሜን ከዚያ ብዙ አትለይም። በዚህ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ነች። በዚያ ሰዓት ጀልባውን የሚያግለው መስኮቱ ሳይሆን ጣሪያው ነው፤ ጣሪያን ደግሞ ፊልም አይረዳውም፣ ነጭ ቀለምና የሸራ ዳስ እንጂ። በመስኮት በኩል የሚገባው የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ነው፤ በአብዛኛውም በጎንና በኋላ። በዚያ ላይ ውሃው ራሱ እንደ መስተዋት ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ይመልሰዋል። ስለዚህ የጎንና የኋላ መስኮቶች ላይ የ35 ወይም የ50 ፊልም መለጠፍ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ተሳፋሪው ያርፋል፣ ወንበሩ አይነጣም።

የነጂው የፊት መስኮትስ? እኛ አንለጥፍበትም። ከነጂው ግራና ቀኝ ያሉትንም፣ እሱ ለማየት የሚጠቀምባቸው ከሆነ፣ አንነካቸውም።

ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንናገር፣ ምክንያቱም ይህን ለባለ ገንዘብ ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው። የባሕር ዳርቻው ዓሣ አጥማጆች ምቱምብዊ የሚሉት ከግንድ የተጠረበ ታንኳና ንጋላዋ የሚሉት በግራና በቀኝ ተንሳፋፊ እንጨት ያለው የሸራ ጀልባ አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ በሌሊት ያለ መብራት ወይም በአንዲት የእጅ ባትሪ የሚወጡ አሉ። ይህችን ትንሽ ብርሃን 20 በሚለው ፊልም በኩል የሚያይ ነጂ የሚያየው ከአምስት አንድ እጇን እንኳ አይሞላም። የሰው ዓይን ከብርሃን ወጥቶ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ፊልሙ ያንን ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ያደርገዋል። ሌላም አለ፤ ሲመሽ በነጂው ክፍል ውስጥ ያሉት የመሣሪያዎች ብርሃን በጠቆረው መስታወት ላይ ስለሚያንጸባርቅ ነጂው ከውጭ ይልቅ የራሱን ፊት ያያል። በኪሊንዲኒ ወደብ በኩል የሚያልፍ ሰው ደግሞ ከፊቱ ቀንና ሌሊት ሰው የሚያመላልሰው የሊኮኒ ፌሪ አለ፤ ትልልቅ መርከቦችም በዚያው ቦይ ይገባሉ ይወጣሉ።

ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ በአምስተኛው ድንጋጌው ማናቸውም ጀልባ ወይም መርከብ ምንጊዜም በዓይንና በጆሮ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። ትልልቆቹን መርከቦች በሚመለከተው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1998 ወዲህ የተሠሩ፣ ርዝመታቸው 55 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በመሪው ክፍል መስኮቶች ላይ ቀለም ያለው መስታወት እንዳያደርጉ ተከልክሏል። ከዚያ ይልቅ የፊት መስታወታቸው ከላይ ወደ ውጭ ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይሠራል፤ ነጸብራቁ ከነጂው ዓይን እንዲርቅ ነው። የቱሪስት ጀልባ 55 ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ደንብ በቀጥታ አይመለከተው ይሆናል። ነገር ግን ባለብዙ ሚሊዮን መርከብ ያልደፈረውን ነገር ትንሽ ጀልባ የምትደፍርበት ምክንያት አይታየንም።

አንድ ጊዜ አንድ ባለጀልባ መጥቶ ዙሪያውን በ5 ፊልም እንድናለብስለት ጠየቀ። እንደ ባለሥልጣን መኪና እንዲሆንለት ነው የፈለገው። የጎኑንና የኋላውን በ35 እንሠራለን፣ የፊቱን አንነካም አልነው። ተቆጣ፤ «ቦስ፣ የምትነዳው አንተ አይደለህም፣ የምትቀጥረው ልጅ ነው» ብንለውም አልሰማንም። ሌላ ዘንድ ወስዶ አስለጠፈው። ከጥቂት ቀን በኋላ አመሻሽ ላይ ያው ጀልባ ሲገባ አየነው። ነጂው ልጅ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ ግማሽ አካሉን በጎን መስኮት አውጥቶ፣ አንገቱን እንደ ግመል አስግጎ ነበር የሚነዳው። በማግስቱ ባለቤቱ ሊያስፍቀው መጣ። ማስፋቁ ከማስለጠፉ በላይ አስከፈለው፤ ማጣበቂያው መስታወቱ ላይ ስለሚቀር ሙሉ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነውና።

ይህን ስንናገር አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «እኛ ስደተኞች ነን፤ እምቢ ብንል ሌላው ይወስደዋል፣ እኛም ጦማችንን እናድራለን» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሌላውንም ገጽ ተመልከቱ። አደጋ የደረሰ ዕለት ባለቤቱ የሚጠራው ማንን ይመስላችኋል? «ፉንዲው ነው ያጠቆረው» ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወረቀቱ በሳሳው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ እምቢታችሁን ባዶ እጁን አትላኩት። ለፊቱ ሌላ መላ ስጡት። ከፊት መስኮቱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት የሚወጣ ጥላ ማሠራት፣ ሲቆም ብቻ የሚዘረጋ የሸራ መጋረጃ፣ ለነጂው ደግሞ ጥሩ የፀሐይ መነጽር። መነጽር ሲመሽ ከዓይን ይወልቃል። ብዙ ባለጀልባ ይህ ሲነገረው ይስማማል፤ ካልተስማማም ከጎኑና ከኋላው ሥራ የምታገኙት ገንዘብ አለ።

ፊልም የማይለጠፍባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። በጀልባው ግራ ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ፣ በኋላው ነጭ መብራት አለ፤ ሌላው ጀልባ በሌሊት ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ የሚያውቀው በእነዚህ ነው። የመኪና መብራት ላይ ጥቁር ፊልም መለጠፍ የሚወዱ ወጣቶች ስላሉ ነው ይህን የምናነሳው። እንዲሁም ለአደጋ ጊዜ መውጫ ተብሎ ምልክት የተደረገበት መስኮት ላይ ወፍራሙን የደኅንነት ፊልም አትለጥፉ፤ መስታወቱ ቢሰበርም ፊልሙ አንድ ላይ ስለሚይዘው ሰው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። በማሊንዲና በዋታሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በተከለሉት የባሕር ፓርኮች፣ ሥራቸው ከታች ባለው መስታወት ኮራልና ዓሣ ማሳየት የሆነ ጀልባዎች አሉ። የእነዚህን የታች መስታወት አጥቁርልኝ የሚል ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመንም፤ ካጋጠማችሁ ቤቱ ልካችሁ አስተኙት።

ወደ አለጣጠፉ እንሂድ። ጊዜና ቦታ መምረጥ ግማሹ ሥራ ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው የዝናብ ወቅት በባሕሩ ዳርቻ የቱሪስት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ጀልባዎች ለጥገና ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ሥራ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው፣ ምንም እንኳ በእርጥበቱ የተነሳ ፊልሙ ለመድረቅ ቢዘገይም። ጀልባው ውሃ ላይ ከሆነ ግን በሚወዛወዝ ነገር ላይ ካተር ይዞ መሥራት ለእጅም ለመስታወትም ጥሩ አይደለም። ከነፋስ ተከልሎ ታስሮ ወይም ዳር ወጥቶ ይሁን። አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ባሕሩ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ አትርሱ፤ መሣሪያችሁን ዘርግታችሁ ሳለ ውሃው ይመጣባችኋል። ጠዋት ማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል ጀምሩ።

ከፊልሙ በፊት ጨው አለ። የባሕር ጨው ደርቆ መስታወቱ ላይ ሲቀመጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ብትጠርጉት ይጭራል። መጀመሪያ ብዙ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፣ ይሟሟ። ከዚያ በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ እንደገና አለቅልቁ፣ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጉ። መስታወት ከሆነ፣ ደግመን እንላለን መስታወት ከሆነ፣ እርጥብ እንዳለ በአዲስ ምላጭ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ፊቱን ፋቁት። በፍሬሙ ዙሪያ የቆየ ሲሊኮን ካለ በደንብ ይነሳ፤ ፊልም ሲሊኮን ላይ አይያዝም። ሥራው የሚሠራው በውስጥ በኩል ባለው ፊት ላይ ነው፤ የውጭው ጨውና ማዕበል እንዳያገኘው።

የምትረጩት ውሃ ማዕድን የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር ጥሎ ይሄዳል። በአንድ ሊትር ውስጥ የሕፃናት ሻምፑ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ብዙ ሳሙና ማጣበቂያውን ያዳክመዋል፤ ጀማሪ ሁሉ ሳሙና ያበዛል። ክፍሉን ዝጉ፣ ቬንትሌተር አጥፉ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ርጩ አቧራው እንዲተኛ። በካኩማ ነፋስ ውስጥ መለጠፍ የቻለ ሰው የትም መለጠፍ ይችላል፤ በዚህ በኩል ከሞምባሳ ልጆች ትበልጣላችሁ።

ፊልሙን ከመስኮቱ በየጎኑ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። ለክብ መስኮት በወረቀት ልክ አውጡ። መከላከያ ላስቲኩ አልላቀቅ ካለ በአንዱ ማዕዘን ላይ በሁለቱም ፊት ፕላስተር ለጥፋችሁ ሳቡት፣ ይለያያል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥሩ፤ አንዱ እየላጠ ሌላው ማጣበቂያውን ያርጥብ። መስታወቱንም ጣታችሁንም አርጥቡ፣ ካልሆነ አሻራችሁ እዚያው ይቀራል። ፊልሙ ከተቀመጠ በኋላ በውሃው ላይ እንዲንሸራተት እያደረጋችሁ አስተካክሉት፤ ከዚያ ፊቱን ረጭታችሁ በጎማ መጥረጊያ ከመሐል ወደ ዳር ውሃውን አስወጡ። ትርፉን በአዲስ ምላጭ ቁረጡ፤ ከፍሬሙ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ፍሬሙን የነካ ፊልም ውሃው መውጫ ስለሚያጣ ከዳር ይነሳል። በመጨረሻ ደረቅ ጨርቅ የተጠቀለለበት ጠንካራ ካርድ ይዛችሁ ዳር ዳሩን ደግማችሁ ጫኑት።

ጎበጥ ያለ መስታወት ላይ ፊልሙን በሙቅ አየር ማኮማተር ያስፈልጋል። መኪና ላይ ለምዳችሁታል። ጀልባ ላይ ግን ከመሰካታችሁ በፊት አሽትቱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ውስጥ፣ ከእግራችሁ ሥር ይጠራቀማል። ታንኩ በውስጥ ያለ የቤንዚን ጀልባ ከሆነ ክፍሉ ተከፍቶ በደንብ እስኪናፈስ ድረስ ማሞቂያም ሲጋራም አይነካም። ሽታው ካልጠፋ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። አንድ የሥራ ቀን ይባክናል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም።

ሲያልቅ ትናንሽ የውሃ እብጠቶች ይታያሉ፤ ደብዘዝ ያለም ይመስላል። ባለቤቱ ይደነግጣል። ለተራ ፊልም እስከ 30 ቀን ድረስ ይህ በራሱ ይደርቃል፤ ወፍራሙ የደኅንነት ፊልም ከዚያም በላይ ይፈጃል። በመርፌ አትውጉት። በጥፍር ሲጫኑት የሚንቀሳቀሰው ውሃ ነው፣ ይጠፋል፤ በመሐሉ ነጥብ ያለውና የማይንቀሳቀሰው አቧራ ነው፣ አይጠፋም። አቧራው ከሦስት አራት ነጥብ በላይ ከሆነና በዓይን ደረጃ ላይ ካለ፣ ደንበኛው ሳይናገር አንስታችሁ እንደገና ለጥፉ።

ጀልባውን ስታስረክቡ አንድ ወረቀት በስዋሂሊ ጽፋችሁ ስጡ። ተንሸራታች መስኮት ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዳይከፍቱት፣ ለአንድ ወር እንዳያጥቡት፣ ከዚያም በኋላ አሞኒያ ባለበት ፈሳሽና በሸካራ ነገር እንዳይፈትጉት፣ ለስላሳ ጨርቅና ቀላል የሳሙና ውሃ ብቻ እንዲጠቀሙ። በዚያው ወረቀት ላይ በየትኛው መስኮት ስንት ቁጥር ፊልም እንደለጠፋችሁ፣ የፊቱ እንዳልተነካም ጻፉ፤ ባለቤቱ ይፈርምበት፤ አንዱ ቅጂ ከእናንተ ጋር ይቅር። ከሥራችሁ ሁሉ ይህ ወረቀት ትንሹ ይመስላል። የቀሳ ወረቀት ላለው ሰው ግን የተፈረመ ሌላ ወረቀት ኪሱ ውስጥ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስለ ፈቃድ ብዙ ሰው ጠይቆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ ሙያው በአገሪቱ በሚመለከታቸው ክፍሎች የታወቀለት ስደተኛ በሥራ ወይም በንግድ የመሰማራት መብት እንዳለው ይናገራል። ወረቀቱን እጅ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ የሥልጠና የምስክር ወረቀታችሁን አትናቁ፤ ማንም በቃል እንዲያስገባችሁ ገንዘብ አትስጡ፤ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሳይኖራችሁም በአውቶቡስ አትሳፈሩ።

አንዲት እናታችን ከኋላ ሆነው «ለእኛ ለቆርቆሮ ቤት ይሆናል ወይ?» ሲሉ ሰምተናል። እማማ፣ ለቆርቆሮው አይሆንም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከጣሪያው ነው። የመስታወት መስኮት ላለው ሱቅና ክሊኒክ ግን ይሆናል፤ በተለይ በምዕራብ በኩል ለሚገኘው። ሠልጣኞቻችን እጃቸውን የሚያፍታቱት እዚሁ ነው። ለልምምድ የሚሆኑ አሮጌ የመኪና መስታወቶች አሰባስበናል። የምትመዘገቡ ልጆች የራሳችሁን የጎማ መጥረጊያና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ። ጨርቁ ጭረት እንዳይተው ቁልፍና ዚፕ የሌለበት ይሁን። ሻምፑውን እኛ እናመጣለን።